የራጁ ጥላና የእኔ መሐላ

በ2014 ዓ.ም. የበልግ ወራት ነበር። መርሳ ላይ ሰማዩ ይጠቁርና ሳይዘንብ ይበተናል። ጦርነቱ ከእኛ ሰፈር ወደ ሰሜን ከራቀ ጥቂት ወራት ሆኖታል። ባለሱቆች የተሰበረ በራቸውን እያስበየዱ ይከፍታሉ፤ ገበሬው የሚዘራው ዘር በእጁ ሳይኖር ደመናውን ያያል። ረመዷን ሊገባ ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር። እኔ ግን ደመናውንም ወሩንም ልብ አላልኳቸውም። የመጨረሻ ልጄ ታስል ነበር።

ሳሉ የጀመራት በታኅሣሥ መጨረሻ፣ መንገዱ እንደተከፈተ ሰሞን ነው። ያኔ ያላሳለ ሰው አልነበረም፤ ብርድ ነው፣ አቧራ ነው እያልን አለፍነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስትዘጋጅ ትምህርት ቤቱ የተዘጋባት። ቀልድ ታውቃለች። "እማ፣ የኔ ሳል ከአይሱዙ ጥሩምባ ይበልጣል፤ አስፋልቱ ላይ ብቆም መኪና ሁሉ መንገድ ይለቅልኛል" ትለኝ ነበር። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ጠዋት አንሶላዋን ሳነሳ በላብ ርሶ አገኘዋለሁ። ቀሚሷ ወገቧ ላይ መዞር ጀመረ።

ጤና ጣቢያ የሳንባ ምች ነው አሉና ክኒን ሰጧት። ጨረሰችው። ሳሉ አልተዋትም። ሁለተኛ ጊዜ መርፌም ጨመሩላት፤ ትኩሳቱ ለሦስት ቀን በረድ ብሎ ተመለሰ። አክታዋን መረመሩ፤ ምንም አላገኙም። ጠንከር ያለ ምርመራ የሚሠራው መሣሪያ በጦርነቱ ከጠፋው ዕቃ ጋር ጠፍቶ ስለነበር በተረፈቻቸው ማይክሮስኮፕ ነው ያዩት። አላህ ይስጣቸው፤ ወንበር በሌለበት ክፍል ቆመው ነው ያከሙን። ነርሷ እጄን ይዛ ራጅ ያስፈልጋታል፣ ወልድያ ውሰጃት አለችኝ።

በማግስቱ በሚኒባስ ሄድን። ሲሪንቃን እስክናልፍ ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። ትኩሳቷ በሻሼ አልፎ ይሰማኛል። ወልድያ ራጅ የሚያነሳ አንድ የግል ክሊኒክ ነበር፤ መብራት በመጣ ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው። ከረፋድ እስከ ቀትር ጠበቅን። መብራት ሲመጣ ሰልፈኛው ሁሉ አልሐምዱሊላህ፣ ተመስገን አለ። ልጄን ብረቱ ላይ ደረቷን አስደግፈው፣ ትንፋሽሽን ያዢ አሏት። ስትይዘው ሳል መጣባት። ሦስት ጊዜ ሞከሩ።

ሐኪሙ ርቆ ከሚኖረው በኩር ልጄ ብዙም የማይበልጥ ጎልማሳ ነው። ራጅ የሚታይበት የመብራት ሣጥን ተሰብሮበት ፊልሙን መስኮቱ ላይ ወደ ብርሃን ዘረጋው። ከዚያ ልጄን እዚያው እንድትቀመጥ ነግሮ እኔን ወደ ኮሪደሩ አወጣኝ። እኛ አገር ክፉ ወሬ ለበሽተኛው አይነገርም፤ ለቤተሰብ ነው። ገና ሲያስወጣኝ ገባኝ።

ቀስ ብሎ አስረዳኝ። በቀኝ ሳንባዋ ታችኛው ክፍል ላይ ክብ ጥላ አለ፣ የሎሚ ያህል። ቲቢ በአብዛኛው ከላይ ነው የሚቀመጠው፣ ከትከሻ አጥንት ሥር፤ ይህ ቦታውም ቅርጹም የቲቢ አይመስልም። የሳንባ ምች ቢሆን በዚያ ሁሉ መድኃኒት ይቀንስ ነበር። አክታዋም ንጹሕ ነው። ዕጢ እንዳይሆን እፈራለሁ አለኝ።

"ካንሰር ማለት ነው?" አልኩት።

"ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ሄዳ በመርፌ ናሙና ይወሰድላት።" ወረቀቱን ሊጽፍ ሲል ቀና አለ። "እናቴ፣ ቤታችሁ ውስጥ የቲቢ መድኃኒት የወሰደ ሰው አለ? ወይም ለብዙ ጊዜ ያሳለ?"

"የለም" አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። ከእሷ በኋላ ግን ቁጭ ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ክረምት፣ ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሳይደርስ፣ የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ እህት፣ የልጄ አክስት፣ ከራያ በኩል ሸሽተው መጡ። የያዙት አንድ ፌስታልና የለበሱት ልብስ ነው። በመጡ በሦስተኛው ቀን ጓሮ ብቻችንን ሆነን ገለጡልኝ። የቲቢ መድኃኒት ጀምረው ነበር። ሁለት ወር እንደዋጡ ጤና ጣቢያው ተዘጋ፣ እሳቸውም ሸሹ። አሁን ተሽሎኛል፣ ሳሉም ቀንሷል አሉኝ። ከዚያ እጄን ያዙ። "ሰው ከሰማ የሚያስጠጋኝ የለም፤ በአላህ ማይልኝ" አሉ። ቤቱን ጥሎ የመጣ ሰው እጅ ይዞ ሲለምን እምቢ አይባልም። "ወላሂ፣ ከአፌ አይወጣም" አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ እኛንም ደረሰን። ለወራት ከቤት የምንወጣው ለውኃ ብቻ ነበር። ሦስታችን በአንድ ክፍል ተኛን። ጥይት እንዳይገባ መስኮቱን ዘግቼ በፍራሽ ደገፍኩት። አክስትየው የከባድ መሣሪያ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይንቀጠቀጡ ነበርና ልጄ አጠገባቸው ተኝታ እጃቸውን ትይዝላቸዋለች። ሳሉ ሲመለስባቸው ሰማሁ። ብርድ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። መድኃኒት ቢፈለግም የት ይገኛል? መንገዱ በተከፈተ ጊዜ ሸክም አልሆንባችሁም ብለው ውርጌሳ አንድ የሩቅ ዘመድ ዘንድ ሄዱ።

ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ይህ ሁሉ በዓይኔ ላይ መጣ። ግን ምዬ ነበር። ደግሞም ራሱ ቲቢ አይመስልም ብሎኛል። ታዲያ ብናገር ምን ይጠቅማል አልኩ።

ሌላም ነገር ነበር፤ ዛሬ ስጽፈው እጄ ይከብደኛል። ካንሰር ከሰው አይተላለፍም። ጥላው ካንሰር ከሆነ ልጄን ያሳመምኳት እኔ አይደለሁም ማለት ነው፤ ያስጠጋኋቸው እንግዳ፣ የዘጋሁት መስኮት፣ የማልኩት መሐላ ምንም አላደረጓትም። ከአላህ የመጣ ነው ብዬ መቀበል እችላለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ልጄ በምትሞትበት በሽታ ውስጥ ለራሴ መደበቂያ አግኝቼ ነበር።

አዲስ አበባ የሚወስደን መኪና ለሳምንቱ መጨረሻ ተገኘ። እስከዚያ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም። የጠረግሁትን ግቢ መልሼ እጠርጋለሁ። ድስት ጥጄ ወደ አስፋልቱ እወጣለሁ፣ ለምን እንደወጣሁ ይጠፋኛል። ሶላት ላይ ስንት ረከዓ እንደሰገድኩ ይምታታብኝና እንደገና እጀምራለሁ። ዱዓ ሳደርግ አፌ ይናገራል፣ ልቤ ግን ያንን "የለም" ያልኩትን ቃል ይደጋግማል። ለልጄ የነገርኳት ሳንባዋ ላይ ቁስል እንዳለና አዲስ አበባ የተሻለ መድኃኒት እንደሚገኝ ብቻ ነው። ካንሰር የሚለውን ለአንዲት ጎረቤቴ ብቻ ነግሬ፣ እሷንም ዝም በይ ብያት ነበር።

ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው ልጄ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ጠራችኝ።

"እማ፣ ካንሰር ነው አይደል?"

ማን ነገረሽ አልኳት።

"ማንም አልነገረኝም። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አራት ሰው እንቁላል አመጣልኝ። በዚህ ኑሮ ለምች ማን እንቁላል ይሰጣል?" ሳቀችና ሳሉ አቋረጣት። እስኪለቃት ደረቷን ይዛ ቆየች። ከዚያ እያሰበች፣ "አክስቴም እኮ እንዲህ ነበር የሚያልባቸው። ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን ፀሐይ ላይ የማሰጣላቸው እኔ ነበርኩ። እሳቸውም ካንሰር ኖሮባቸው ነው?" አለች።

ተነሥቼ ነጠላዬን ደረብኩና ወጣሁ።

መስጊዱ በር ላይ ሼሁ የዐስርን ሶላት አሰግደው ሲወጡ ደረስኩ። የሰፈራችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ባለቤቴን የቀበሩት እሳቸው ናቸው። ምክር ፈልጌ ነው አልኳቸውና የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ጠየቅኋቸው። አንዲት ሴት በአላህ ስም ምላ የሰው ምሥጢር ብትይዝ፣ በኋላ ዝምታዋ ሰው የሚጎዳ ቢመስላት፣ ምን ታድርግ?

ሼሁ መሬት መሬት እያዩ አዳመጡኝ።

"ያቺ ሴት ልጅ አላት?" አሉ።

"አላት።"

"ታስላለች?"

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብኩ።

"መርሳ ትንሽ ከተማ ናት" አሉ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሴት የምትባል ቀረች፤ የምንነጋገረው ስለ እኔ ሆነ። ሰው ደግ ነገር እንዳይሠራ የአላህን ስም መጋረጃ ማድረግ እንደሌለበት ነገሩኝ። ነፍስ የሚጎዳ መሐላ ይፈርሳል፣ ካሣውም ይወጣል፤ አሥር ድሃ ማብላት ነው፣ ላልቻለ ሦስት ቀን መጾም። ለአሥር ሰው ይቅርና ለሁለታችንም የሚበቃ የለኝም አልኳቸው። እንግዲያው ጹሚ አሉ። ልሄድ ስል መለሱኝ።

"ጾሙ ቀላሉ ነው። ምሥጢሩን ለሰጠሽ ሰው አንቺው ሄደሽ ንገሪ። ከሌላ አፍ እንዳይሰሙት።"

በማለዳ ልጄን ይዤ ወልድያ ተመለስኩ። ሐኪሙ ሲያየን አዲስ አበባ የሄድን መስሎት ነበርና ተገረመ። እንደ መጀመሪያው እኔን ብቻ ሊያስወጣኝ ሲል ልጄም ትስማ አልኩት። ቆሜ ተናገርኩ። እንግዳዋን፣ የተቋረጠውን መድኃኒት፣ የተዘጋውን ክፍል፣ ወራቱን። ጠይቀኸኝ ዋሽቼሃለሁ አልኩት። ለራሴ ማመካኛ አልፈለግሁም።

ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። አልተቆጣም። ፊልሙን ከኤንቨሎፑ አውጥቶ እንደገና መስኮቱ ላይ ዘረጋው፤ በዚህ ጊዜ እኔንም ጠራኝ። የልጄን የጎድን አጥንት ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት፤ እንደ ሰፌድ ቀለበት ተደርድሯል። ሐኪሙ በእርሳስ ጫፍ አሳየኝ። ክቡ ጥላ እዚያው ነው። ዙሪያውን ግን ጤፍ የተበተነ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጥቦች ነበሩ። ወደ ልብ ጠጋ ብሎም ከወትሮው ያበጠ ነገር አለ፤ የሳንባ ንፍፊት ነው አለኝ።

"እነዚህን ባለፈውም አይቻቸው ነበር። ዕጢ ብዬ ስለጀመርኩ ሁሉንም የዕጢ አድርጌ አነበብኳቸው" አለ። "ቲቢ ሁልጊዜ በለመድነው ቦታ አይቀመጥም፤ ምች ይመስላል፣ ዕጢ ይመስላል። ምስሉ ብቻውን አይነግረኝም፤ ሰው አብሮ ሊነግረኝ ይገባል።"

ቲቢ ነው ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አሁንም አላውቅም አለኝ። ዕጢም ሊሆን ይችላል፤ ግን አዲስ አበባ ከመሄዷ በፊት አንገቷን ልይ አለ። ልጄ ሻሿን ፈታች። ሐኪሙ ከማጅራቷ ጀምሮ በጣቱ እየዳሰሰ ወረደና ከትከሻ አጥንቷ በላይ ቆመ። ባቄላ የምታህል ንፍፊት ነበረች። እኔ በእነዚህ ወራት ሁሉ ፀጉሯን ስሠራላት አላገኘኋትም። በቀጭን መርፌ ከእሷ ናሙና ወሰደ። ልጄ ዓይኗን ጨፍና፣ "ይህቺንስ ደብቄ ይዤያት አልነበረም፤ ወላሂ" አለች። ሐኪሙ ሳቀ። እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

ስንወጣ በደረጃው ላይ ቆማ ክንዴን ያዘችኝ። የሚመጣውን ወቀሳ ጠበቅሁ። እሷ ግን፣ "አክስቴስ አሁን ማን አላቸው?" አለች።

ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ቀን ፈጀ። የአዲስ አበባው መኪና ሄደ። ልክ ሠራሁ ወይስ ልጄን ከሕክምናዋ አስቀረሁ? ይህንን እያወጣሁ እያወረድኩ ሦስቱንም ቀን በእግሬ ቆምኩ ማለት ይቻላል። በሦስተኛው ቀን ወልድያ ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ ሳለሁ ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ገና ከሩቅ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀልኝ።

"ቲቢ ነው" አለ።

አልሐምዱሊላህ ብዬ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ሱጁድ ወረድኩ። አጠገባችን የነበሩ አንዲት ሴት ምን ተባለላት ብለው ልጄን ጠየቋት፤ ቲቢ ይዞሻል ተባልኩ ስትላቸው እኔን አየት አድርገው ጥቂት ራቅ ብለው ተቀመጡ። አልፈረድኩባቸውም። ሰው ሲርቅ ምን እንደሚመስል ማየት ነበረብኝ፤ አክስትየው የፈሩት ይህንን ነው።

መድኃኒቱን መርሳ ጤና ጣቢያ እንድትወስድ ተጻፈላት፤ ስድስት ወር፣ አንድም ቀን ሳይዘለል። ለጊዜው ለብቻዋ ትተኛ፣ ቤቱ ነፋስ ይግባው፣ አንቺም ተመርመሪ ተባልኩ። ሐኪሙ በመጨረሻ የእንግዳዋን ነገር አነሣ። በመሃል የተቋረጠ ቲቢ ከመጀመሪያው ይከፋል፤ መድኃኒቱን ሊለምደው ስለሚችል በቶሎ መመርመር አለባቸው አለ። ሰው ልኬ ላስመጣቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይሆንም፣ እኔው አመጣቸዋለሁ አልኩት። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጄ መርሳ ጤና ጣቢያ ነርሷ ፊት የመጀመሪያውን ክኒን ዋጠች።

በማግስቱ የመሐላውን ካሣ ጾሜ ዋልኩ፤ ከሦስቱ የመጀመሪያው ነው። ልጄን ጤና ጣቢያ አድርሼ ክኒኗን ስትውጥ አየሁ። "እኔ እውጣለሁ፣ አንቺ ትጾሚያለሽ፤ ተከፋፈልነው" አለችኝ። ከዚያ አስፋልቱ ላይ ቆሜ ውርጌሳ የሚሄድ መኪና ያዝኩ።

አክስትየውን ያገኘኋቸው ከዘመዳቸው ቤት ጓሮ፣ ከሰው ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው። ከስተዋል። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘዋል። ከሰላምታ በፊት ልጅሽ እንዴት ናት አሉኝ። ቲቢ መሆኑን ነገርኳቸው። ነጠላው ከእጃቸው ወደቀ።

"መሐላዬን አፍርሻለሁ" አልኩ። "ለሐኪሙ ነግሬያለሁ፣ ለልጄም፣ ለሼሁም ጭምር። ይቅር ይበሉኝ።"

ቤቱ ውስጥ ሰው ይሰማ እንደሆነ ወደዚያ ዞር ብለው አዩ።

"እንግዲህ እዚህ አያስቀምጡኝም" አሉ። "የት ልግባ?"

"እኔ ቤት።"

"ልጅሽን አሳምሜ?"

"መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እየሰማሁ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። አንቱ የታመሙ ሰው ነዎት" አልኩ። "መጀመሪያ ሐኪሙ ያይዎታል፤ ከዚያ ከልጄ ጋር ክኒናችሁን እቆጥርላችኋለሁ።"

መነሣት ሲያቅታቸው ክንዳቸውን ደገፍኩ። ዕቃቸው ያው ፌስታል ነው፤ እኔ ያዝኩት። ባለቤቶቹን አመሰገንኩ፤ በሽታውን አያውቁም ነበርና ገልጬ እነሱም እንዲመረመሩ በራፍ ላይ ቆሜ ነገርኳቸው፤ አክስትየው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ፣ አልከለከሉኝም። ቀስ እያልን ወደ አስፋልቱ ወጣን። ከደሴ በኩል የመጣ ሚኒባስ ቆመልን፤ ሾፌሩ የት ነው አለን።

"ወልድያ፣ ሁለት ሰው" አልኩትና አክስትየውን አስቀድሜ አሳፈርኳቸው።